ሕመምን የሚገቱ የሰውነት መልእክተኞች፦ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደራ የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አጥቢያዎች በሰንበት ቅዳሴ ላይ የሚቆም ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መቋሚያ የያዙት ሁሉ ለዝማሜ የያዙት አይደሉም፤ ወገባቸው አልቀና፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው የተደገፉት ብዙዎች ናቸው። ሌሊቱን በቁርጥማት ሲገላበጡ አድረው ማልደው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ አባቶችና እናቶች ናቸው።

እነዚህ ወገኖች ለንስሐ አባቶቻቸው ደጋግመው የሚያቀርቡት ጥያቄ አለ። «አባቴ፣ ይህ ሕመም ለኃጢአቴ የተሰጠኝ ከሆነ መድኃኒት መውሰዴ ትዕግሥት ከማጣት አይቆጠርብኝም?» የሚል ነው። አባት በዚያች ሰዓት የሚሰጡት መልስ ከሐኪም ትእዛዝ ይልቅ የሚከበርበት ጊዜ አለ። «ቻይው ልጄ» ብለው ብቻ ቢያሰናብቱ፣ ሊታከም የሚችል በሽታ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በዚህ እትም ሕመም በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕመምንና ብግነትን የሚገቱት ኒውሮፔፕታይድ የተባሉ የነርቭ መልእክተኞች ምን እንደሚሠሩ ልናስረዳ ወደድን። ዓላማችን ካህናትን ሐኪም ማድረግ አይደለም፤ የሚሰጡት ምክር በእውቀት ላይ እንዲመሠረት መርዳት ነው።

1. ሕመም ለምን ተሰጠ?

ሕመም በራሱ ጠላት እንዳልሆነ ከሥጋ ደዌ እንማራለን። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በቆዳና በነርቭ ውስጥ ይኖራል፤ ነርቭን ሲጎዳም የሕመም ስሜት ይጠፋል። ታማሚው የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፤ እሾህ ሲወጋው አያውቅም። ጣትና እግር የሚጎዱት በአብዛኛው ካልታወቀ ቃጠሎና ካልታከመ ቁስል የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለሕሙማኑ እጅና እግራቸውን በየዕለቱ በዓይናቸው እንዲመረምሩ ሲያስተምር የኖረው፣ የጎደለውን የሕመም ማስጠንቀቂያ በዓይን ለመተካት ነው።

እንግዲህ ሕመም ጠባቂ ሆኖ የተሰጠ ነው። ጠባቂ ግን ሌባው ከሄደ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ቢጮህ ቤተሰቡ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ፈጣሪ ጠባቂውን ሲሰጥ ዝም የሚያሰኘውንም አብሮ ሰጥቷል። የትምህርታችን ዋና ጉዳይ ይህ ዝም የሚያሰኘው ክፍል ነው።

2. የሕመም መልእክትና ብግነት

በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች እናት እጇ እንደ እሳት ያቃጥላታል። እጇን ብንነካው ግን በእሳት እንደተቃጠለ እጅ አይደለም። ምክንያቱ በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር፣ በነርቭ ጫፍ ላይ ያለውንና ለኃይለኛ ሙቀት የሚከፈተውን በር መክፈቱ ነው። ይህን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጁሊየስ በዚህና በተያያዙ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

በሩ ሲከፈት ነርቩ መልእክቱን ወደ ሕብለ ሰረሰር ይልካል። በዚያም መልእክቱን ለቀጣዩ ነርቭ የሚያስተላልፉ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይለቀቃሉ። ከእነርሱ አንዱ ሰብስታንስ ፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋደም ያገኙት፣ በ11 አሚኖ አሲዶች የተሠራ አጭር ሰንሰለት ነው። እንዲህ ያሉ በነርቭ ሕዋሳት የሚሠሩና መልእክት የሚያደርሱ አጫጭር ሰንሰለቶች ኒውሮፔፕታይድ ይባላሉ።

ነርቩ መልእክት የሚልከው ወደ ላይ ብቻ አይደለም። በተጎዳው ሥፍራ ባለው ጫፉም እነዚሁኑ ኬሚካሎች ይረጫል። ያን ጊዜ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽም ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ሥፍራው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። ይህ ብግነት ነው። በአጭር ጊዜ ሲሆን ተሐዋስያንን ለመዋጋትና ቁስልን ለመጠገን ይጠቅማል፤ ሳያቆም ሲቀር ግን ራሱ ጉዳት ይሆናል። ነርቭ ራሱ ብግነትን እንደሚቀሰቅስ በካፕሳይሲን አማካይነት በሰፊው ያጠኑት የሃንጋሪ ሊቃውንት መሆናቸው አያስገርምም፤ እነርሱም እንደ እኛ ያለ በርበሬ ወጣቸው የማይጣፍጥላቸው ሕዝብ ናቸው።

3. ገቺዎቹ መልእክተኞች

ሞርፊን የሚገኝበት ኦፒየም ሕመምን እንደሚያስታግስ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ ሞርፊን የሚያርፍበት ልዩ መቀበያ እንዳለ አረጋገጡ። ያን ጊዜ ትልቅ ጥያቄ ተነሣ፤ ሰው ከአበባ ለሚገኝ ንጥረ ነገር መቀበያ ይዞ የሚፈጠረው ስለምን ነው? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ነው። ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል እንደ ሞርፊን የሚሠሩ ሁለት ፔፕታይዶችን ለይተው አወጡ፤ ኢንኬፋሊን ብለውም ሰየሟቸው። እያንዳንዳቸው 5 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሏቸው ናቸው። ቀጥሎም 31 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቤታ ኢንዶርፊንና ዳይኖርፊን ታወቁ። መቀበያው የተሠራው ለሞርፊን ሳይሆን ሰውነት ራሱ ለሚያዘጋጃቸው ለእነዚህ ነው።

የሚሠሩበት ሥርዓት እንዲህ ነው። ከመካከለኛው አንጎል ተነሥቶ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርድ የነርቭ መንገድ አለ። ይህ መንገድ ሲነቃ፣ የሕመም መልእክት በሚተላለፍበት የሕብለ ሰረሰር በር ላይ ኢንኬፋሊን ይለቀቃል። ኢንኬፋሊን መልእክት አምጪውን ነርቭ ሰብስታንስ ፒንና ሌሎቹን እንዳይለቅ ይገታዋል፤ መልእክት ተቀባዩንም በቀላሉ እንዳይነሣሣ ያረጋጋዋል። ቁስሉ በሥፍራው አለ፤ ጩኸቱ ግን ይቀንሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ሠራዊት ሐኪም የነበሩት ሄንሪ ቢቸር፣ ክፉኛ ከቆሰሉ ወታደሮች ብዙዎቹ የሕመም መድኃኒት አለመጠየቃቸውን አስተውለው ጽፈዋል። በታላቅ ጭንቅ ጊዜ ይህ የሚወርደው መንገድ እንደሚነቃ ዛሬ እናውቃለን።

ገቺዎቹ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ብቻ አይወሰኑም። ሥፍራው ሲያብጥና ሲቆጣ ሊጠብቁት የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ቤታ ኢንዶርፊን ይዘው ይመጣሉ፤ በዚያም ለቀው የነርቩን ጫፍ ያስታግሣሉ። ብግነትን የሚያካሂዱት ሕዋሳት የሚያስታግሠውንም አብረው ይሸከማሉ ማለት ነው። ሌላው ገቺ ሶማቶስታቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተለየው ይህ 14 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ መጀመሪያ የታወቀው የዕድገት ሆርሞንን በመግታቱ ነበር። በኋላ እንደታወቀው ግን በበርበሬ የሚቃጠሉት እነዚያው ነርቮች ሰብስታንስ ፒን ብቻ ሳይሆን ሶማቶስታቲንንም ይለቃሉ፤ እርሱም እብጠትንና ሕመምን ይቀንሳል። እሳቱን የሚያነድደው እጅ ውኃውንም ይዟል።

«ታዲያ እነዚህ ፔፕታይዶች በክኒን ለምን አይሰጡንም?» የሚል ይኖራል። ፔፕታይድ በሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፤ በደም ውስጥም በጥቂት ደቂቃዎች ይፈራርሳል። ሊቃውንት ከሶማቶስታቲን የበለጠ የሚቆይ ኦክትሬዮታይድ የተባለ መድኃኒት አዘጋጅተዋል፤ እርሱም በአብዛኛው በመርፌ የሚሰጥና ሆርሞን ለሚያመነጩ አንዳንድ ዕጢዎች የሚያገለግል እንጂ ለቁርጥማት የሚታዘዝ አይደለም። ካፕሳይሲንም በሐኪም ቤት በተመጠነ መልኩ ተዘጋጅቶ፣ አልማዝ ባለጭራ ካለፈ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም ይውላል፤ ነርቩ ከተደጋጋሚ መነካት የተነሣ ስለሚደክም ነው። በዚህ ምክንያት ግን በቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ፈጽሞ አይገባም።

4. ተስፋና የሰው መኖር

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለእኛ አገልግሎት ልዩ ትርጉም አለው። ጥርስ ለተነቀሉ ሕሙማን መድኃኒት የሌለበት ነገር መድኃኒት መስሏቸው ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ሕመማቸው ቀለለ። ቀጥሎ የሞርፊንንና የኢንዶርፊንን መቀበያ የሚዘጋው ናሎክሶን ሲሰጣቸው፣ ቀሎላቸው የነበሩት ሕመማቸው ተመለሰ። ከዚህ የተረዳነው፣ መዳንን መጠበቅ ብቻውን የሰውነትን ገቺ መልእክተኞች ሊያስነሣ እንደሚችል ነው።

በዚህ ነጥብ ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ። የመጀመሪያው «ጸሎትና ጠበል የኢንዶርፊን ሥራ ብቻ ናቸው» ማለት ነው። የእግዚአብሔር ጸጋ በአንድ ፔፕታይድ አይለካም፤ ሳይንስም ስለ ጸጋ የመፍረድ ሥልጣን የለውም። ሁለተኛው ደግሞ «ሕመሙ ከቀለለ በሽታው ድኗል» ማለት ነው። ገቺዎቹ ስሜቱን ያበርዳሉ እንጂ ካንሰርን አይነቅሉም፣ የሳንባ ነቀርሳን አይገድሉም። ስለዚህ የተሻለው ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ መምከር አደገኛ ነው።

በአንጻሩ ካህኑ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ መቀመጣቸው፣ እጁን መያዛቸው፣ በመስቀል መባረካቸው፣ ሳይቸኩሉ ማዳመጣቸው ከንቱ እንዳልሆነ እንወቅ። ፍርሃትና ብቸኝነት ሕመምን ያበረታሉ፤ መጽናናት ያቀልላል። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን እንዲጠራ ማዘዙና የምሥጢረ ቀንዲል አገልግሎት በዚያ ላይ መመሥረቱ፣ ሕመምተኛ ብቻውን እንዳይተው ጭምር ነው።

5. በስምጥ ሸለቆ፦ ገቺዎቹ ሲሸነፉ

ሕመም ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም በሕብለ ሰረሰር ያሉት ነርቮች ከመጠን በላይ ንቁ ይሆናሉ። ቀድሞ የማያሳምም መነካት ማሳመም ይጀምራል፤ ገቺዎቹም ጩኸቱን ለመቋቋም አቅም ያንሳቸዋል። የሕመሙ ምንጭ በየዕለቱ ከታደሰ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በአካባቢያችን እንዲህ ያለው አንዱ ምንጭ በምንጠጣው ውኃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶችና ፍል ውኃዎች ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚመጣ ከፍተኛ ፍሎራይድ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ አካባቢ በነበሩ አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊግራም በላይ ተለክቷል፤ ያን ውኃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ተጎድቶ መገኘቱም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥናት ተመዝግቧል። መጀመሪያ የሚታየው በሕፃንነት የሚበልዝ ጥርስ ነው። ከረጅም ዘመን በኋላ ጅማቶች እንደ አጥንት ይጠነክራሉ፣ አከርካሪ ይደርቃል፣ መገጣጠሚያ አልታጠፍ ይላል። በከፋ ጊዜ አጥንቱ ሕብለ ሰረሰርን ተጭኖ እግርን ያሽመደምዳል።

ይህን ጉዳት ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ መከላከያው ውኃውን መለወጥ ነው። ውኃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። የዝናም ውኃ ማጠራቀም፣ ፍሎራይዱ አነስተኛ ከሆነ ምንጭ በቧንቧ ማምጣት፣ ወይም ከተቃጠለ የከብት አጥንት በተሠራ ከሰል ማጣራት የታወቁ መንገዶች ናቸው። የአጥንት ከሰል በጾም ወራት በምእመናን ዘንድ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት አባቶች ቢመክሩበትና ለሕዝቡ ቢያስረዱት መልካም ነው።

ሆኖም የወገብ ሕመም ሁሉ ከፍሎራይድ አይደለም። የአከርካሪ ነቀርሳ፣ ካንሰርና ከእርጅና የሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላት በመልክ ይመሳሰላሉ። መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

6. መድኃኒት መውሰድ ትዕግሥት ማጣት ነውን?

መድኃኒትን የሚፈሩ ምእመናን ጌታችን በመስቀል ላይ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አለመቀበሉን (ማር. 15፥23) ይጠቅሳሉ። እርሱ ግን ያን ያደረገው ስለ ዓለም ቤዛ የሚቀበለውን መከራ በፈቃዱ ሊፈጽም እንጂ ሕሙማን እንዳይታከሙ ሊከለክል አይደለም። ይኸው ጌታ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር (ሉቃ. 10) የመንገደኛውን ቁስል በዘይትና በወይን ያከመውን፣ ለማሳከሚያውም ገንዘብ የከፈለውን ሰው አርአያ አድርጎ አቀረበልን። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበልንና የኤችአይቪ መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው በዚሁ ትምህርት ላይ የቆመ ነው። ለሕመም ማስታገሻም ከዚህ የተለየ ሕግ የለም።

በተለይ በካንሰር የሚሠቃዩ ወገኖች ሐኪም ሞርፊን ሲያዝላቸው ቤተሰቡ «ሱስ ነው» ወይም «የሞት መድኃኒት ነው» ብሎ ሲከለክል ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የሕመም ማስታገሻ ደረጃ ሞርፊን ለከባድ የካንሰር ሕመም ተገቢ መድኃኒት ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው፣ ሞርፊን የሚያርፈው ፈጣሪ ለኢንኬፋሊን ባዘጋጀው መቀበያ ላይ ነው። ከመጠን ካለፈ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ሆድንም ያደርቃል፤ ያለ ሕክምና ምክንያት የሚወስደውንም ባሪያ ያደርጋል። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ ይወሰዳል። በሐኪም ትእዛዝ የወሰደው ሰው ግን ኃጢአት አልሠራም፤ እንዲያውም ሕመሙ ሲበርድለት ንስሐ ለመግባት፣ ለመቁረብና ቤተሰቡን ለመሰናበት አቅም ያገኛል።

በሌላ በኩል ያለ ምርመራ ከመድኃኒት መደብር እየገዙ ዳይክሎፌናክን ለወራት መውሰድ ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ብግነትን ፈጥነው ስለሚያጠፉ ሕመምተኛው የዳነ ይመስለዋል፤ ያለ ክትትል ሲቆዩ ግን አጥንትን ያሳሳሉ፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፣ የተደበቀ ነቀርሳንም ያስነሣሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው በድንገት ማቋረጥም የለበትም።

7. ሰበካ ጉባኤያት ምን ያድርጉ?

ሀ. በአጥቢያው ያሉትን በሕመም ከቤት የዋሉ ምእመናን ይመዝግቡ፤ ካህንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በየተራ ይጎብኟቸው።

ለ. ከወገብ ሕመም ጋር እግሩ የደነዘዘ ወይም የዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ ሌሊት የሚያልበውና የከሳ፣ ወይም የሚያተኩሰው ሰው ሲያገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይላኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ መዘግየት ነው የሚጎዳው።

ሐ. በአጥቢያው ቅጥር ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊትና ከተቆፈረም በኋላ የፍሎራይዱ መጠን እንዲለካ የወረዳውን የውኃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የልጆች ጥርስ መበለዝ የመጀመሪያው ምልክት ስለሆነ ችላ አይበሉት።

መ. ካህናት ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ይጠይቁ፤ «አቁም» ከማለት ግን ይቆጠቡ። በጾም ወራት የመድኃኒት ሰዓትና ምግብ እንዲስማሙለት የንስሐ አባት ከሐኪሙ ምክር ጋር ያመቻቹለት።

ሠ. የማይድን በሽታ ላለበት ሰው «ከእንግዲህ የሚደረግለት ነገር የለም» አይበሉ። በአዲስ አበባ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች የሚሠሩት ሥራ፣ መዳን ባይቻል እንኳ ሕመምን ማቅለል እንደሚቻል ያስረዳል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ሕመሙን የኃጢአት ቅጣት አድርጎ በመቁጠር ሕክምና የተወ ሰው አለን? ማን ቢያነጋግረው ይሰማል?

2. የምንጠጣው ውኃ መቼ ተመረመረ? ውጤቱስ በማን እጅ ነው?

3. ሕመም ጠባቂ፣ ማስታገሻውም ስጦታ ከሆነ፣ በስብከታችን ስለ ትዕግሥት ስናስተምር ምን እንጨምር? ምንስ እናርም?

በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ትዕግሥት ማለት ሊታከም የሚችለውን ሕመም ሳይታከሙ መቀመጥ አይደለም፤ ታክመውም የሚቀረውን በእምነት መሸከም ነው። በአጥንታችን ውስጥ ሕመምን የሚገታ መልእክተኛ ያኖረ አምላክ ልጆቹ ያለ እረፍት እንዲጮኹ አይወድም። ለደራና ለስምጥ ሸለቆ አባቶችና እናቶች «ልጄ፣ ወደ ሐኪም ሂጂ፤ እኔም እጸልይልሻለሁ፤ መጥቼም እጠይቅሻለሁ» የሚል አባት በየአጥቢያው ይብዛልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር